«ልማድ»ን «ልማት» ብዬ ያረምኩ ጊዜ

በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አራሚ ነበርኩ። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ጽሑፉ ታትሞ ይመጣልሃል። ቀይ እስክሪብቶ ይዘህ የተሳሳተውን ፊደል ትከብባለህ፣ ጠርዙ ላይ ትክክለኛውን ትጽፋለህ። በቃ። እኔ ደግሞ ሥራዬን ከልክ በላይ የምወድ ሰው ነበርኩ። ታክሲ ውስጥ የተለጠፈውን ጥቅስ ሳይቀር በሆዴ እያረምኩ ነበር ከመገናኛ ፒያሳ የምደርሰው።

የጋዜጣው ካርቱን ሠሪ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሥዕሉን ወረቀት ላይ በቀለም ይሠሩታል፤ ከዚያ ስካን ይደረጋል። ጽሑፉ ግን አብሮ አይመጣም። የእጅ ጽሑፋቸው ከሐኪም የባሰ ስለነበር ቃላቱን ለብቻ ቁራጭ ወረቀት ላይ አስፍረው ይሰጣሉ፤ ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ታስገባዋለች። መጀመሪያ ግን እኔ አየዋለሁ።

ያ ሥዕል አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። የአስፋልት መንገድ ነው። ሁለት ቦታ ተቆፍሮ ተደፍኗል፤ ጠባሳው ይታያል። አሁን ሦስተኛው ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ጉድጓዱን ይዘላሉ። ጉድጓዱ ውስጥ አንዲት ውሻ ከነቡችሎቿ ተኝታለች። ግድግዳው ላይ የቤተሰብ ፎቶ ሰቅላለች። አጠገቡ የቆመው ሰሌዳ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ስላስቸገርንዎ ይቅርታ፤ በልማድ ላይ ነን።»

እኔ ያየሁት የ«ት» እና የ«ድ» ስህተት ነው። «ልማድ»ን ከበብኩ፣ «ልማት» ብዬ ጻፍኩ፣ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ።

ጋዜጣው ወጣ። ሰሌዳው ልክ መንገድ ላይ እንዳለው እውነተኛ ሰሌዳ ሆኖ ቁጭ አለ። ካርቱን የነበረው ነገር ማስታወቂያ ሆነ። ጭራሽ አንድ መሥሪያ ቤት ደውሎ ልማቱን በሥዕል ስላገዛችሁን እናመሰግናለን አለ። እኔ ጋዜጣችን ተወደደ ብዬ ደስ ብሎኛል።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ መጡ። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እርስዎ ነዎት ሥዕሌን ያረሙልኝ?» አሉኝ።

ያኔ 25 ዓመቴ ነው። ከልጃቸው አንሳለሁ። ሁልጊዜ «አንተ» ነበር የሚሉኝ፤ ደስ ሲላቸው «አንተ ቀውስ»። የዚያን ቀን «እርስዎ» አሉኝ። እኔ ምን ብዬ ብመልስ ጥሩ ነው? «አዎ ጋሼ፣ ምንም ችግር የለም፣ ሥራዬ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች። እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ። በአንድ ሳምንት ሁለት ምጸት አምልጦኛል፤ አንዱ በሥዕል፣ አንዱ ፊት ለፊቴ ቆሞ።

ጋሼ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም። ሻይ ቤት ወሰዱኝ። «ፊደሉን አይደለም ያበላሸኸው» አሉኝ፤ አሁን «አንተ» ሆኛለሁ። «ቀልዱ የተቀመጠው እሷ ድ ላይ ነበር። ወንበሩን ሳብክበት።» ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ሐሙስ ሐሙስ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። የሚከተለው ከሳቸው የሰማሁትና ራሴ እየተደናቀፍኩ የደረስኩበት ነው። ልጁ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቤት ሥራ ይዞበት ለሚመጣ ወላጅ፣ ወይም ቴሌግራም ላይ ካርቱን ተልኮለት ሌሎቹ ለምን እንደሚስቁ ለሚጨንቀው ሰው ይጠቅም ይሆናል።

ጋሼ መጀመሪያ ያስተማሩኝ የሚጎረብጠኝ ነገር ላይ እንድቆም ነው። አራሚ የሚጎረብጠውን ያስተካክላል። አንባቢ ግን ይቆምበታል። ቃሉ ቦታው አይደለም? አክብሮቱ በዛ? ሰውየው ማልቀስ ሲገባው ቀልዷል? ውሻዋ ፎቶ ሰቅላለች? ጸሐፊው ወይም ሠዓሊው እዚያ ጋ ሆን ብሎ አሸዋ ጨምሮልህ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

የእኛ ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ህብረ ቃሉን፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የያዘውን ቃል፣ ሲፈልግ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል። በሸክላ ይለብጠዋል። በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ቅርጽ ውስጥ የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። ስለዚህ ሰሙ ውሸት አይደለም። ወርቁ ቅርጹን ያገኘው ከሱ ነው። እኔ ተማሪ ቤት ሳለሁ ሰሙን እንደ ልጣጭ ነበር የምቆጥረው፤ ልጠህ የምትጥለው። ጋሼ በዚህ ይቆጡ ነበር።

ከሰው አፍ ስትነገር የኖረች አንዲት ግጥም አለች፤ አባባሏ ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያያል፦

ምን ያደርጋል ጠላ፣ ምን ያደርጋል ጠጅ፣
ጠላትን ሲሸኙ ቡና አርጎ ነው እንጂ።

ሰሙ የእንግዳ አቀባበል ነው። ጠላና ጠጅ ይቅር፣ ቡና አፍልተህ ሸኘው። ወርቁ ግን «ቡን አርጎ» ነው፤ እንደ አቧራ አብንኖ፣ ድራሹን አጥፍቶ። ጆሮ «ቡናርጎ» ብሎ ነው የሚሰማው፤ ሁለቱንም በአንዴ ይይዛል። አሁን አራሚ ሁንና ጻፈው እስቲ። «ቡና አርጎ» ካልክ ወርቁን ቀበርከው። «ቡን አርጎ» ካልክ ሰሙን ገፈፍከው። ጋሼ ይህችን ግጥም ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝና «አርማት» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

ለዚህ ነው ጮክ ብሎ ማንበብ ከሁሉ የሚቀድመው። በተለይ በአማርኛ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ዓይን የማያየውን ልዩነት ጆሮ ይለየዋል፤ ቀልደኛ ደግሞ ይህን ያውቃል። ጋሼ ለገና ሰሞን የሣሏት አንዲት ካርቱን ነበረች። በግ ተራ ነው። በጉ ራሱ ዋጋውን ሰምቶ ዓይኑ ፈጥጧል። ሻጩ «ነገ እኮ ገና ነው!» ይላል። ገዢው ሁለቱን ኪሶቹን ገልብጦ አሳየና «ለእኔ ገና ነው» አለ። የመጀመሪያው «ገና» ይጠብቃል፤ በዓሉ ነው። ሁለተኛው ይላላል፤ አልደረሰም ማለት ነው። በዓይን ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር የተናገሩ መስሎት ያልፋል።

ሌላዋ ደግሞ ክረምት ላይ የወጣች ናት። ቢሮው ጎርፍ ገብቶበታል። ከረባት ያሰረ ሰው በወንበሮች መሀል በደረቱ እየዋኘ ይሄዳል። በሩ ላይ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ጽሑፍ አለ። አጥብቀህ ካነበብከው ማዕረጉ ነው፤ አላልተህ ካነበብከው የዕለት ሥራው ነው። ይህች እንኳን ቀላሏ ናት፤ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ወዲያው ይይዟታል።

ወደ ድምፀት ልምጣ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የደራሲው ስሜት ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ተማሪው «የሐዘን» ወይም «የደስታ» ብሎ ይገላገላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን መጀመሪያ የማየው ተውላጠ ስሙንና ግሱን ነው። ማን ማንን «አንተ» አለ? ማን ማንን «እርስዎ» አለ? መቼ ተቀየረ? አማርኛ የሰውን ስሜት በግስ ጫፍ ላይ አስሮ ነው የሚሰጥህ። ትናንት «ይምጡ» ሲለው የነበረው ሰው ዛሬ «ና» ካለው በመሀል አንድ ነገር ተሰብሯል። ትናንት «ና» የሚለው ዛሬ «ይምጡ» ካለ ደግሞ የባሰ ነው። በእኔ ደርሷል።

በአለቃ ገብረ ሐና ስም ከሚነገሩት ቀልዶች አንዷ የቆመችው በዚሁ ላይ ነው። አለቃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሊቅ ናቸው፤ ሕዝቡ ግን ከሊቅነታቸው ይልቅ ቀልዳቸውን ይዞ ቀረ። መንገድ ላይ አህያ የሚነዳ ሰው ያገኛሉ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እንደምን አደራችሁ?» ይላሉ። ሰውየው በአክብሮት መልሶ ያልፋል። ትንሽ እንደሄደ ይነቃል። «እንደምን አደሩ» አይደለም ያሉት። «አደራችሁ» ነው ያሉት። ከአህያው ጋር ደምረውታል። ቀልዱ ያለው «ችሁ» ላይ ብቻ ነው። ይህን ወደ ሌላ ቋንቋ ውሰደው ብትባል ምን ይዘህ ትሄዳለህ?

ሌላው ትንሽ ነገር ጾታው ነው። «ደመወዙ ገባ» ካልኩህ ዜና ነግሬሃለሁ። «ደመወዟ ገባች» ካልኩህ ግን ስለ መጠኗም፣ ስለ ናፍቆቴም፣ ነገ እንደምታልቅም ነግሬሃለሁ። አንስታዩ ያቀርባል፣ ያሳንሳል፣ አንዳንዴ ሁለቱንም በአንዴ ያደርጋል። ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ጓደኛውን «አንቺ» ካለው መጀመሪያ ማየት ያለብህ ሁለቱ ምን ያህል ቅርብ እንደሆኑ ነው። በቅርበታቸው ልክ ፍቅር ነው ወይም ስድብ ነው።

ድምፀትን በጆሮዬ የሰማሁት ግን በሬዲዮ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተማሪ ሆኜ አንብቤዋለሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ትምህርት ቤት ስንደርስበት የፍቅር ታሪክ ሆኖ ነው የተሰጠን። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ወደደ፣ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ከለከሉ፣ አለቀ። ፈተናው ላይም የሚመጣው ይኸው ነው። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን በካሴት ሰማሁ። ያ ድምፅ ፊታውራሪ መሸሻ ጋ ሲደርስ ሳልፈልግ ሳቅ አመለጠኝ። ያነበብኩት መጽሐፍ ነው እኮ! አንድም ቀን አላሳቀኝም ነበር።

መጽሐፉን እንደገና አወጣሁ። ተራኪው ፊታውራሪን አይሰድባቸውም። አይቀልድባቸውም እንኳን ማለት ይቻላል። በሙሉ አክብሮት፣ «እሳቸው» እያለ፣ ስለ ዘራቸውና ስለ ክብራቸው የሚያስቡትን ሁሉ ይነግረናል። አክብሮቱ አይቀንስም። የሚያደርጉት ነገር ግን ከአክብሮቱ ጋር አይመጣጠንም። በሁለቱ መሀል ያለው ክፍተት ነው የሚያስቀው፤ ቆይቶ ደግሞ የሚያሳዝነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ አክብሮቱን አምኜ ነበር ያነበብኩት። ልክ የጋሼን «እርስዎ» እንዳመንኩት።

ጉዱ ካሳ ላይም ተሳስቼ ነበር። «ጉዱ» የሚለውን ቅጽል ሳይ፣ ይሄ ሰውዬ እብድ ነው፣ ደራሲው ለማሳቅ ያስገባው ነው ብዬ አለፍኩት። ያንን ስም ያወጣለት ግን ማን ነው? ደራሲው ሳይሆን አገሩ ነው። የማኅበረሰቡን ሥርዓት ስለሚተች እንደ እብድ ያዩታል። መጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ አጥርቶ የሚያየው ሰው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ቅጽል ስም፣ አንድ ፍርድ፣ አንድ ስድብ ሳገኝ አሁን የማን አፍ ነው እላለሁ። የሰፈሩን ሐሜት የደራሲው አስተያየት አድርጎ መውሰድ በጣም ቀላል ስህተት ነው። ፈተና ላይም ብዙ ሰው የሚወድቅበት ይመስለኛል።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። ተረብ፣ ሽሙጥ፣ ምጸት፣ ስላቅ። መጻሕፍቱ እየለያዩ ይተረጉሟቸዋል፤ ድንበራቸው ግን ይደባለቃል። እኔን የረዳኝ ትርጉሙን መሸምደድ አይደለም። የሚቀለድበት ሰው የት ነው ያለው? ፊት ለፊት ቆሞ አብሮ የሚስቅ ከሆነ ተረብ ነው፤ የአራዳ ልጆች ዕለታዊ ምግብ። እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ ነገሩ በሌላ ሰው በኩል የሚደርሰው ከሆነ ሽሙጥ ነው። አማት ምራቷ እየሰማች ድመቷን «አንቺ እንኳን በጊዜ ትነሻለሽ» ስትላት ማለት ነው። ተናጋሪው የተናገረው አንድ፣ ያሰበው ተቃራኒው ከሆነ ምጸት ነው። ስላቅ ደግሞ ጥርስ አለው፤ የሚነክሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከሠዓሊው በላይ የተቀመጠውን ነው። ይህ የእኔ አከፋፈል ነው። መምህርህ ሌላ ካለህ ለፈተናው የመምህርህን ጻፍ።

ካርቱን ውስጥ ያለ ምስል ደግሞ ራሱን የቻለ ሰዋስው አለው። የእኛ ካርቱን ሠሪዎች ግማሹን ሥራቸውን የሚበደሩት ከተረትና ምሳሌ ነው። ምሳሌውን ቃል በቃል ይሥሉታል፤ ምሳሌውን ግን አይጽፉልህም። ጅብ እንግዳ ቤት ገብቶ ቁርበት ሲነጠፍለት ካየህ፣ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ራስህ ማምጣት አለብህ። አንዲት ሴት ወደ ቆጥ ተንጠራርታ ከብብቷ ነገር ሲወድቅ፣ ወይም አህያ ከባሏ ጋር ቆማ ጅብ ሲመጣባት እንደዚሁ ነው። ምሳሌውን የማያውቅ ሰው እንስሳት ብቻ ነው የሚያየው። ወንበር ብዙ ጊዜ ሥልጣን ነው። ሆድ የበላ ሰው ነው። ቀበቶ ኑሮ ነው፤ ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደታሰረ እይ።

እንስሳን አናግሮ ሰውን መንካት በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር መነሻ ላይም ያለ ነው። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከታየ በኋላ ታግዷል። መድረኩ ላይ የነበሩት አውሬዎች ናቸው፤ የተቆጡት ግን ሰዎች። ያገዱት ሰዎች ድምፀቱን በደንብ አንብበውታል ማለት ነው። ከእኔ ይሻሉ ነበር።

ምስል ግን አገር አለው። ይህን የተማርኩት ከእህቴ ልጅ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያደገችው። አንድ ማታ ደውላ «አጎቴ፣ የካርቱን የቤት ሥራ አለብኝ፣ አንተ ታውቃለህ አይደል?» አለችኝ። ሥዕሉን ላከችልኝ። ዝሆንና አህያ ሚዛን ላይ ተቀምጠው አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል። እኔ ወዲያው ተነተንኩላት። ዝሆኑ ባለሥልጣን ነው፣ አህያው የሚጫንበት ምስኪን ሕዝብ ነው፣ ሚዛኑ ፍትሕ ነው። እሷ ዝም አለች። «አጎቴ፣ ፓርቲዎች እኮ ናቸው።»

ሄጄ አነበብኩ። ዝሆኑን የሪፐብሊካኖች ምልክት ያደረገው ቶማስ ናስት የሚባል ካርቱን ሠሪ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1874 ሃርፐርስ ዊክሊ ላይ ሥሎት። አህያው ደግሞ በ1828 ምርጫ ተቃዋሚዎቹ አንድሪው ጃክሰንን ለመስደብ ያመጡት ነበር፤ ኋላ የዴሞክራቶች ፓርቲ ምልክት ሆኖ ቀረ። የእኛ አህያ ተሸካሚ ናት፣ ዱላ ቻይ ናት፣ ከጅብ የሚያስጥላት የላትም። እኔ ያንን አህያ ይዤ ነው ሜሪላንድ የገባሁት። ከዚያ ወዲህ የውጭ ካርቱን ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህ እንስሳ እዚያ አገር ማን ነው የሚለውን ነው።

እሷም በተራዋ ተቀጥታለች። የገናዋን ካርቱን ላክሁላት። ፊደል ታነባለች፤ ግን ቀስ ብላ ነው። «ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት፣ ምኑ ያስቃል?» አለችኝ። ለእናትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት አልኳት። እህቴ ከማእድ ቤት ስትስቅ በስልኩ ሰማሁ።

ጊዜውም አገር ነው። የፖለቲካ ካርቱን የተሣለበትን ሳምንት ካላወቅህ ግማሹ አይታይህም። ጋሼ ሻማ ብቻ የሣሉበት አንድ ሳምንት ነበር። ሻማ፣ ከሥሩ «መልካም ንባብ» የሚል ጽሑፍ። ያ ሳምንት መብራት በፈረቃ የሆነበት ነበር፤ ጋዜጣውን የገዛ ሁሉ ሳቀ። ከዓመት በኋላ ያው ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየ እንግዳ፣ ስለ እውቀት ብርሃን ነው ብሎ አደነቀ። አልተሳሳተም ማለት ይከብዳል። ቀልዱ ግን ሞቷል። አሮጌ ካርቱን ስታገኝ ቀኑን እይ፤ በዚያ ሳምንት ሰው ምን ሲያወራ እንደነበር አንድ ትልቅ ሰው ጠይቅ።

አሁን የሁለተኛውን ስህተቴን ልንገራችሁ፤ ከመጀመሪያው ይብሳል። ከጋሼ ጋር ስድስት ወር እንደተቀመጥኩ ሁሉም ነገር ወርቅ ሆነብኝ። ዘፈን ስሰማ «ይቺ ልጅ ልጅ አይደለችም» እላለሁ። ግጥም ሳነብ እያንዳንዱን ቃል እሰነጥቃለሁ። የጋሼ ሥዕሎች ላይ ሁልጊዜ ጥግ ላይ የምትቀመጥ ጥቁር ድመት አለች። ሦስት ወር አጠናኋት። አንዳንዴ ጀርባዋን ትሰጣለች፣ አንዳንዴ ትተኛለች። ደብተር ላይ ጻፍኩ። የነጻ ፕሬስ ምልክት ናት ብዬ ደመደምኩ። በኩራት ነገርኳቸው።

«ድመት ናት» አሉኝ። «ቤት ያለችው። ስሠራ ጠረጴዛው ላይ ትወጣለች።»

ይህ በሽታ የእኔ ብቻ አይደለም። ሳንሱር ባለበት ዘመን ሰው ነገሩን ደብቆ ይናገር ስለነበር አድማጩም መቆፈር ለመደ። ትክክል ነበር። ችግሩ ቁፋሮው እንደዚያ አስፋልት ልማድ ሲሆን ነው። ጋሼ መለያ ሰጡኝ፤ ከቅኔ የተወሰደ ነው። ወርቁ እንደ ሰሙ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው መሸከም አለበት። «ቡን አርጎ» ሲባል ጠላት፣ መሸኘት፣ ሁሉም ነገር በሁለተኛው ትርጉም ውስጥ ቦታ አለው። የእኔ ድመት ግን ነጻ ፕሬስ ሆና ውሻዋን፣ ጉድጓዱንና እናትየዋን የትም አታደርሳቸውም። አንድ ቃል ብቻ ነጥሎ የሚያበራ ትርጉም አብዛኛውን ጊዜ የአንባቢው ባትሪ ነው።

እኔ አሁን የምሠራበት ዘዴ ሞኝ ሊመስል ይችላል፤ ግን ይሠራል። ካርቱኑን ወይም አንቀጹን በደረቅ አማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አደርገዋለሁ። «መንገዱ ደጋግሞ ይቆፈራል፤ ሕዝቡ ተቸግሯል።» ይኸው፣ ትክክል ነው። ከዚያ ከዋናው ጋር አስተያየዋለሁ። ምን ጎደለ? የይቅርታው ትሕትና ጎደለ። ውሻዋ ቤት ሠርታ መኖሯ ጎደለ፤ ይህ ማለት ጉድጓዱ ከቆየ ቆይቷል። «ልማድ» ጎደለ። የጎደለው ነገር ነው ድምፀቱ፣ ምስሉና ቀልዱ። ምንም ካልጎደለ ሥዕሉ ደካማ ነው፤ እንዲህ ያለም አለ፤ ሁሉንም ማድነቅ ግዴታ አይደለም።

ቀልድ ሳይገባኝ ሲቀርም አሁን አላፍርም። «አልገባኝም» እላለሁ። አስመስሎ መሳቅ የሚያመጣውን ጣጣ አውቀዋለሁ፤ ቀጥሎ «የቱ ጋ ነው ያሳቀህ?» የሚል ሰው አይጠፋም።

ጋዜጣው ከተዘጋ ቆይቷል። ጋሼ ጡረታ ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን ቴሌግራም ይጠቀማሉ። ባለፈው ፋሲካ መልእክት ላኩልኝ። «እንኳን አደረስህ» ይላል።

ቆምኩ። «አደረሰህ» አይደለም። «አደረስህ» ነው። ጋሼ ደግሞ አንድ ፊደል ላይ የሚጫወቱ ሰው ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት በአንድ ዘመድ እጅ የማጉያ መነጽር ልኬላቸው ነበር። በቃ፣ ገባኝ። እንኳን አደረስከው፣ እንኳን ላክህ ማለታቸው ነው፤ የበዓል ሰላምታው ሰሙ፣ ምስጋናው ወርቁ። ፈተሽኩት። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ይሸከማል። በጣም ደስ አለኝ። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ መልእክቱ ገብቶኛል!»

«የቱ?»

«አደረስህ ያሉኝ። መነጽሩን።»

«የምን መነጽር?» አሉ። «ምንም አልደረሰኝም። ጣቴ ነው አንተ፣ ስልኳ ትንሽ ናት፣ ፊደሉም አይታየኝም።»

ስልኩን ዘግቼ መነጽሩን የሰጠሁት ዘመዴ ጋ ደወልኩ።